«ሃንዲካፔ 20 ነው» ሲሉኝ «እግዜር ይማርዎት» አልኳቸው!

ለዚህ ዓምድ ከሚደርሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የፍቅር ናቸው። የከዳ፣ የተከዳ፣ የጠፋ፣ የተጠፋበት... ዓይነቱ ብዙ ነው። የዛሬውም የፍቅር ነው፤ ግን መሀል ላይ አንድ ዱላና አንዲት ትንሽ ነጭ ኳስ ገብተውበታል። ጸሐፊው ስሙ እንዳይወጣ ስለለመነን አናወጣም። ደብዳቤውን አሳጥረን እነሆ፦

«የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ዋግ ኽምራ፣ ሰቆጣ አጠገብ ነው። አዲስ አበባ የመጣሁት ለትምህርት ሲሆን አሁን በአንድ የግል መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኝነት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ሦስት ዓመት አብረን የቆየን ፍቅረኛ አለችኝ። አባቷ ረጅም ዘመን ውጭ አገር ኖረው የተመለሱ ሰው ናቸው። ባለፈው ፋሲካ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታቸው ምሳ ተጠራሁ። ሁሉ ነገር ጥሩ ሄዶ ነበር። ከምሳ በኋላ ግን አባቷ ከጓደኞቻቸው ጋር ስለ ጎልፍ ማውራት ጀመሩ። "በርዲ"፣ "ኢግል" ሲባባሉ ስለ አደን የሚያወሩ መስሎኝ ዝም ብዬ አዳመጥኩ። በኋላ ወደ እኔ ዞር ብለው "የእኔ ሃንዲካፕ አሁን 20 ነው" አሉኝ። እኔ ደግሞ ሃንዲካፕ ሲባል የማውቀው አካል ጉዳትን ነው። ደንግጬ "ውይ ጋሼ፣ እግዜር ይማርዎት!" አልኳቸው። ቤቱ በሳቅ አውካካ። እሷም ሳቀች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ! አሁን ደግሞ የፊታችን ቅዳሜ ጎልፍ ሜዳ አብሬያቸው እንድውል ጋብዘውኛል። እሷ "ምን ችግር አለው፣ ሂድ" ትለኛለች። እኔ ግን ፋራነቴን ሊያዩ የጠሩኝ እየመሰለኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ። በዚህ ዓመት ሽማግሌ ልልክ አስቤ ነበር፤ አሁን ግን ነገሩን ሁሉ ልተወው ወይ እያልኩ ነው። ልሂድ ወይስ ልቅር? ብሄድስ ምን እላለሁ?»

ደብዳቤው ለእኔ የተሰጠኝ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝ። ሁለተኛ፣ በሥራዬ ምክንያት ጎልፍ ሜዳ ዳር ቆሜ ብዙ ቅዳሜዎችን አሳልፌያለሁ። ስለዚህ ወንድሜ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርህና ወደ ዝርዝሩ እንግባ፦ ሂድ! ደግሞም ባዶ እጅህን አይደለም የምትሄደው። ከሰቆጣ ይዘኸው የመጣኸው ነገር እንዳለ ቆይተህ ታየዋለህ።

ቃላቱን ለማወቅ ግን ጎልፈኛ መሆን አያስፈልግም። ዛሬ በከተማችን «በርዲ» እና «ፓር» የሚሉ ቃላት በቢሮ ስብሰባም፣ በቴሌቪዥንም፣ በሠርግ ቤት ወሬም ይሰማሉ። የማያውቅ ዝም ይላል፤ ወይም እያወቀ እንደሆነ ሰው አብሮ ይስቃል። እስቲ ዛሬ አንድ በአንድ እንፍታቸው።

ያቺ ጉደኛ ቃል

ከቆሰልክበት እንጀምር። ሃንዲካፕ በጎልፍ በሽታም፣ ጉድለትም አይደለም። ለደካማው ተጫዋች የሚሰጥ ምርቃት ነው በለው። መርካቶ ውስጥ ነጋዴው ለደንበኛው አንድ ጭብጥ እንደሚመርቀው ሁሉ፣ ጎልፍም ለጀማሪው ጥቂት ምቶች ይመርቅለታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በጎልፍ የሚያሸንፈው ብዙ ያገባ ሳይሆን ጥቂት ጊዜ የመታ ነው። ሜዳው በ72 ምት ያልቃል እንበል። የፍቅረኛህ አባት 94 ጊዜ መትተው ጨረሱ። ጓደኛቸው የተዋጣላቸው ናቸውና በ82 ጨረሱ። በግልጽ ሲታይ ጓደኛቸው አሸነፉ። አሁን ሃንዲካፑን ቀንስ። አባቷ ሃንዲካፓቸው 20 ስለሆነ 94 ሲቀነስ 20፣ 74 ሆነ። ጓደኛቸው ሃንዲካፓቸው 6 ከሆነ 82 ሲቀነስ 6፣ 76 ሆነ። ማን አሸነፈ? አባቷ! አንተ የሒሳብ ሰው ነህ፤ ከዚህ የቀለለ ሒሳብ በሥራህ ላይ አታገኝም።

እንግዲህ ቁጥሩ ትንሽ በሆነ መጠን ሰውየው ጎበዝ ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ሥራ ላይ በዋለው ዓለም አቀፍ አሠራር ትልቁ ሃንዲካፕ 54 ነው። 20 ያለው ሰው እንግዲህ መሀል ላይ ያለ፣ የሚሞክር፣ ደህና አማተር ነው።

ደግሞ ልብ በል፣ ቃሉ ድሮ ከአካል ጉዳት ጋር ዝምድና አልነበረውም። በእንግሊዝ አገር እቃ ሲለዋወጡ ገንዘብ ባርኔጣ ውስጥ እያኖሩ ይጫወቱት ከነበረ ጨዋታ የመጣ ነው። ከዚያ ወደ ፈረስ ግልቢያ ገባ፤ ጉልበተኛው ፈረስ ከደካማው ጋር እንዲተካከል ተጨማሪ ክብደት ይጫንበት ነበር። አንተ የምታውቀው ትርጉም የመጣው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ስለዚህ ያሳቀህ ቃሉ ራሱ በየዘመኑ ትርጉሙን የቀየረ ቃል ነው። ምኑ ያሳፍራል?

ሜዳው፦ ከገና ሜዳ ጋር ሲተያይ

በልጅነትህ ገና እንደተጫወትክ ሳትነግረኝም አውቃለሁ። በኛ ደጋ፣ እህሉ ታጭዶ ማሳው ባዶ ሲሆን፣ ታኅሣሥ 29 ከሰዓት በኋላ፣ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ተከፍለን የምንጋጠምበትን ጨዋታ ማን ይረሳል? ጫፉ የተቆለመመውን የወይራ ዱላ «ገና» እንለዋለን፤ ኳሷን «ሩር»። ሩሯን እየመታህ፣ እየቀማህ፣ በተጋጣሚህ ወገን በኩል ከሜዳው ዳር ማሳለፍ ነው። ጨዋታው ዛሬም በባህል ስፖርት ውድድሮች ላይ ይካሄዳል።

ጎልፍም ከዚሁ ዘር ነው። ዱላ አለ፣ ኳስ አለ፣ ሜዳ አለ። ተረቱም እንኳ ይመሳሰላል። እኛ ዘንድ እረኞች የክርስቶስን መወለድ ሲሰሙ በደስታ በያዙት ዱላ ሩር መቱ ይባላል። ስኮትላንዶችም እረኞቻቸው በከዘራ ጠጠር እየመቱ ጥንቸል ጉድጓድ ውስጥ ይከቱ ነበር ብለው ስለ ጎልፍ አጀማመር ያወራሉ። ተረቱ ተረት ነው፤ የተጻፈው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1457 የስኮትላንድ ፓርላማ «ወጣቱ የቀስት ልምምዱን ትቶ በጎልፍና በእግር ኳስ ጊዜውን አጠፋ» ብሎ ሁለቱንም ከልክሎ ነበር። ዛሬ የጌቶች መዝናኛ የሚባለው ጨዋታ ያኔ የቦዘኔ ሥራ ነበር ማለት ነው!

ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? በገና ሁሉም በአንዲት ሩር ላይ ይሻማል። በጎልፍ ግን እያንዳንዱ የራሱ ኳስ አለው፤ ማንም አይቀማህም። ተጋጣሚህ ሜዳው ነው። ሜዳው ላይ የምትሰማቸው ቃላት እነዚህ ናቸው፦

ቲ። መነሻው ነው። ኳሷ የምትቀመጥባት ትንሽ እንጨትም «ቲ» ትባላለች። ድሮ እንጨቷ ሳትመጣ ተጫዋቹ አሸዋ ቆለል አድርጎ ነበር ኳሱን የሚያስቀምጠው።

ፌርዌይ። ከመነሻው እስከ መድረሻው ሣሩ አጠር ተደርጎ የታጨደው መንገድ ነው። ኳስህ እዚህ ካረፈች ደስ ይበልህ።

ራፍ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ያልታጨደ ሣርና ቁጥቋጦ ነው። እኛ ጋ ሩሯ ቀጋ ውስጥ ስትገባ እጃችን እየተቧጨረ እንደምናወጣት ማለት ነው። በጎልፍ ግን በእጅ ማውጣት የለም፤ ከገባችበት በዱላ መምታት ነው። ያቃተው «አልችልም» ብሎ አንድ ምት ተጨምሮበት ሊያወጣት ይችላል።

ባንከር። ሆን ተብሎ የተቆፈረ የአሸዋ ጉድጓድ ነው። ሰው ኳሱ «ባንከር ገባች» ብሎ ሲያማርር ብትሰማ ስለ ባንክ ሠራተኛ እያወራ አይደለም! ከአሸዋው ሲወጣ ደግሞ የረገጠውን በመጥረጊያው አስተካክሎ ነው።

ግሪን። መጨረሻ ላይ ያለው፣ ምንጣፍ መስሎ የተላጨው ሣር ነው። ጉድጓዷም፣ ባንዲራዋም እዚያ ናቸው። ውሃ በሚያጥርባቸው አገሮች ሣሩ ስለማይገኝ በዘይት የታሸ አሸዋ ይነጠፍና «ብራውን» ይሉታል።

ሆል። ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው ጉድጓዷ ራሷ ናት፤ ስፋቷ 10.8 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ከቡና ሲኒ አፍ ሰፋ የምትል። ሁለተኛው ከቲው እስከ ጉድጓዷ ያለው መንገድ በሙሉ ነው። ሙሉ ጨዋታ 18 ሆል ነው። ይህ ቁጥር የመጣው ከስኮትላንዱ ሴንት አንድሩስ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1764 ሜዳቸውን ከ22 ወደ 18 አወረዱት። በአዲስ አበባ በብሪታንያ ኤምባሲ ግቢ ውስጥ ያለው ሜዳ ባለ 9 ሆል ነው። እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ ሁለት ጊዜ ከተዞረ 18 ይሞላል።

ወፍ፣ ንስር፣ ጭራቅ... የውጤት ቋንቋ

አደን የመሰለህ ይኼኛው ነው። መነሻው «ፓር» የምትል ቃል ናት። በላቲን «እኩል» ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ሆል አንድ ጎበዝ ተጫዋች ሊጨርስበት የሚገባ የምት ቁጥር ተወስኗል፤ ለአጭሩ 3፣ ለመካከለኛው 4፣ ለረጅሙ 5። ይህ ቁጥር ፓር ይባላል። በስሌቱ ውስጥ ሁለቱ ምቶች ግሪኑ ላይ ለሚደረገው ቀስ ያለ መግፋት የተተዉ ናቸው። የ18ቱም ፓር ሲደመር ብዙውን ጊዜ 70፣ 71 ወይም 72 ይሆናል።

ከፓሩ በአንድ ምት ቀድመህ ከጨረስክ «በርዲ» ሠራህ ይባላል። ወፊቱ የመጣችው ከአሜሪካ ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ አካባቢ አሜሪካኖች ግሩም ነገር ሲያዩ «ወፍ ነው!» ይሉ ነበር፤ የእኛ አራዳ «ቀሽት ነው» እንደሚለው። ከዚያ ወዲያ ጨዋታው ወፍ በወፍ ሆነ። በሁለት ከቀደምክ «ኢግል» ነው፣ ንስር። በሦስት ከቀደምክ «አልባትሮስ» ነው፣ ክንፈ ረጅሙ የባሕር ወፍ። ወፉ በተለቀ ቁጥር ብርቅነቱም ይጨምራል። አልባትሮስ ሳይሠራ ዕድሜ ልኩን የሚጫወት ሰው ሞልቷል።

በአንደኛው ምት ከቲው ተነስታ ጉድጓድ የገባች ኳስ ደግሞ «ሆል ኢን ዋን» ትባላለች። በብዙ አገር ልማዱ ያስቃል፤ ዕድለኛው ራሱ ነው ሁሉንም የሚጋብዘው! የቀናው ሰው ኪሱን ይዳብሳል ማለት ነው።

በአንድ ምት ከዘገየህ «ቦጊ»፣ በሁለት ከዘገየህ «ደብል ቦጊ» ነው። ቦጊ በእንግሊዝ ልጆች የሚፈሩት ጭራቅ ነው፤ እኛ ልጅ ስናስፈራራ «አያ ጅቦ መጣ» እንደምንለው። በ1890ዎቹ እንግሊዞች በየሜዳው ከአንድ ከማይታይ ተጋጣሚ ጋር የሚጫወቱ አስመስለው «ኮሎኔል ቦጊ» የሚል ስም አወጡለት። ሃንዲካፓቸው 20 የሆነ ሰው እንግዲህ በአብዛኛው ሆል ላይ ከዚህ ኮሎኔል ጋር ነው የሚውሉት። ስለዚህ አባቷ «ዛሬ ቦጊ በዛብኝ» ቢሉህ አትደንግጥ። «አይዞዎት ጋሼ፣ ከሃንዲካፑ ጋር ሲተሳሰብ ደህና ነዎት» በላቸው። በዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር የፋሲካው ዕዳ ይከፈላል!

ዱላው፣ ተሸካሚውና ጩኸቱ

የኛ ሰው አንድ ገና ይዞ ይወጣል፤ በቃ። ጎልፈኛ ግን እስከ 14 ዱላ መያዝ ይፈቀድለታል። ሁሉንም በስም ማወቅ አይጠበቅብህም። «ድራይቨር» ከቲው ላይ ሩቅ የሚመታበት ትልቁ ነው። «አይረን» የሚባሉት ብረቶች በቁጥር ይለያሉ፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ኳሷ ወደ ላይ ትወጣለች እንጂ ሩቅ አትሄድም። «ዌጅ» ከአሸዋና ከቅርብ ርቀት ቅልብ አድርጎ የሚያነሳ ነው። «ፓተር» ግሪኑ ላይ ኳሷን ቀስ አድርጎ ወደ ጉድጓዷ የሚገፋ ነው።

ዱላውን ተሸክሞ የሚሄደውን «ካዲ» ይሉታል። ከፈረንሳይኛው «ካዴ» የመጣ ቃል ነው። ካዲ ተራ ተሸካሚ እንዳይመስልህ፤ ነፋሱን የሚያየው፣ ርቀቱን የሚገምተው፣ «ይኼን ምረጥ» ብሎ የሚመክረው እሱ ነው። ሜዳው ላይ ከማንም በላይ የሚያውቅህ ካዲው ነውና ሰላምታህን አትንፈገው።

ጩኸት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚፈቀደው። «ፎር!» ሲባል ከሰማህ አራት ማለት አይደለም። «ተጠንቀቅ፣ ኳስ ወዳንተ እየመጣች ነው» ማለት ነው። ጭንቅላትህን በእጅህ ሸፍነህ ጎንበስ በል፤ ዞር ብለህ ለማየት አትሞክር።

ሌሎችም አሉ። ቀኝ እጅ ሆኖ የሚመታ ሰው ኳሱ ወደ ቀኝ ስትታጠፍበት «ስላይስ»፣ ወደ ግራ ስትታጠፍበት «ሁክ» ይባላል። «ሙሊጋን» ያበላሸኸውን ምት ጓደኞችህ «አልቆጠርንብህም፣ ድገም» ሲሉህ ነው፤ በሕጉ ላይ ግን የለም። «ጊሚ» ደግሞ ኳሷ ጉድጓዷ አፍ ላይ ደርሳ «ገብታለች በላት» ሲባል ነው። ሁለቱም በወዳጆች መሀል የሚደረግ የይሉኝታ ነገር ነው፤ ይሉኝታ መቼም እኛ ዘንድ ብርቅ አይደለም።

በገና ቀን ጌታው አይቆጣም ይባላል። አሽከሩ ጌታውን ቢተርበው፣ ሰፈር ሰፈርን በግጥም ቢሞልጭ ዕለቱ ይፈቅዳል። ጎልፍ ግን በዚህ በኩል ተቃራኒው ነው። ሰው ሊመታ ሲል ወሬ የለም፣ ሳል የለም፣ የሞባይል ጥሪ የለም፣ በጀርባው ማለፍ የለም። ጥላህ እንኳ ኳሱ ላይ እንዳያርፍ ነው። በቀደመው ሆል የተሻለ ያመጣው በሚቀጥለው ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ከጉድጓዷ የራቀው ይቀድማል።

ጎልፍ የማን ነው?

ወንድሜ፣ የሚያስጨንቅህ ቃሉ ብቻ እንዳልሆነ ከደብዳቤህ ገብቶኛል። «ይኼ የሀብታም ነገር ነው፣ እኔ የገጠር ልጅ እዚያ ምን እሠራለሁ?» ነው የምትለው። ስለ ሁለት ሰዎች ልንገርህ።

የመጀመሪያው ፓፕዋ ሴውጎሉም ይባላል። የህንድ ዘር ያለው ደቡብ አፍሪካዊ ነው። ደርባን አካባቢ ካዲ ሆኖ የነጮችን ዱላ እየተሸከመ፣ እያየ ተማረ። ያስተማረው ስላልነበረ ዱላውን የሚይዘው እጁን አገላብጦ ነበር፤ ሌላው ሰው ከላይ የሚያደርገውን እጅ እሱ ከታች። በዚያ በተሳሳተ በተባለ አያያዝ የሆላንድን ኦፕን እ.ኤ.አ. በ1959፣ በ1960 እና በ1964 ሦስት ጊዜ አሸነፈ። በ1963 በአገሩ የናታል ኦፕንን ሲያሸንፍ ግን የአፓርታይድ ዘመን ነበርና ነጭ ስላልሆነ ክለቡ ቤት መግባት አልተፈቀደለትም። ዋንጫውን ደጅ ቆሞ፣ ዝናብ እየወረደበት ተቀበለ። የተሸነፉት ውስጥ ሆነው፣ ያሸነፈው ውጭ! በ1965 ደግሞ የዓለም ስመ ጥር የሆነውን የአገሩን ልጅ ጋሪ ፕሌየርን በዚያው ውድድር ረታው። በኋላ መንግሥት ከውድድር አገደው። ስሙ ግን እስከ ዛሬ አለ፤ በሩን የዘጉበት ሰዎች ስም የት እንዳለ እንጃ።

ሁለተኛው ስፔናዊው ሴቬ ባዬስቴሮስ ነው። ፔድሬኛ በምትባል የባሕር ዳር መንደር፣ ከገበሬ ቤተሰብ የተወለደ። ልጅ ሳለ የነበረው አንድ አሮጌ ባለ 3 ቁጥር አይረን ብቻ ነበር። በዚያች አንዲት ዱላ አሸዋ ላይ ጠጠር ሲመታ ዋለ፤ ሌላው በ14 ዱላ የሚሠራውን ሁሉ በአንዷ ለመደ። እ.ኤ.አ. በ1979፣ በ22 ዓመቱ፣ ታላቁን የብሪታንያ ኦፕን አሸነፈ። በዚያ ውድድር ላይ ኳሱ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ገብታበት፣ ከዚያ አውጥቶ በርዲ የሠራበት ሆል እስከ ዛሬ ይወራለታል።

አንድ ዱላ፣ ጠጠራማ መሬት፣ አስተማሪ የለም... ይህ የማን ልጅነት ይመስልሃል? የአንተና የእኔ አይደለም? በዋግ ተረተር ላይ፣ ቁልቁለት ይዛ የምትከንፍ ሩርን ገደል ሳትገባ ሮጦ የመለሰ ልጅ፣ የተላጨ ሣር ላይ ያለች ኳስ ታስፈራዋለች?

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ቤትህ ኽምጣና ተናግረህ፣ ትምህርት ቤት በአማርኛ ተምረህ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ ተፈትነህ አዲስ አበባ ገባህ። በሦስት ቋንቋ የሚያስብ ሰው ጥቂት የጎልፍ ቃላት ሊያሸማቅቁት አይገባም። ፋራ ማለት የማያውቅ ማለት አይደለም። ፋራ ማለት ሳያውቅ የሚያውቅ የሚመስል ነው።

ቅዳሜ ምን ታደርጋለህ?

አንደኛ፣ አለባበስ። ኮሌታ ያለው ሸሚዝና ጨርቅ ሱሪ ልበስ። ብዙ ክለቦች ጂንስና ካናቴራ አይወዱም። ሶሉ ጠፍጣፋ የሆነ ጫማ አድርግ፤ ሣሩን የሚወጋ ተረከዝ አይፈለግም።

ሁለተኛ፣ አትዋሽ። «ተጫውቼ አውቃለሁ» እንዳትል። ዱላ አቀብለው «እስቲ ምታ» ቢሉህ «እርስዎ ያሳዩኝ» በል። ማስተማር የማይወድ ጎልፈኛ አላየሁም! ብትስት ይሳቅ፤ አብረህ ሳቅ። ለመጀመሪያ ጊዜ መትቶ ኳሷን ሳይሆን አፈሩን ያላነሳ የለም። ያነሳኸውን የሣር ቁራጭ ግን ወደ ቦታው መልሰህ ርገጠው። ስትገባ ያልታወክ ብትሆንም ይህን ያዩ ሰው ያከብሩሃል።

ሦስተኛ፣ አንድ ጥያቄ ይዘህ ሂድ። እኔ ላቀብልህ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ ሰቆጣችንም ከ2200 ሜትር በላይ ናት። በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሷን የሚይዛት ነገር ያንሳል፤ ያው ምት ከቆላው ይልቅ ሩቅ ይወስዳታል። አባቷ ውጭ አገር ዝቅ ባለ ቦታ ተጫውተው የለመዱ ከሆነ ልዩነቱን ያውቁታል። «ጋሼ፣ እዚህ ደጋው ላይ ኳሷ አትርቅብዎትም? ዱላ ትቀይራላችሁ ወይ?» በላቸው። ከዚያ በኋላ ወሬውን እሳቸው ይይዙታል፤ አንተ ማዳመጥ ብቻ ነው።

አራተኛ፣ ስለ ፋሲካው ቀን ራስህ አንሳው። «ያን ዕለት ሃንዲካፕ ሲሉኝ እንደታመሙ መስሎኝ ደንግጬ ነበር» ብለህ በቀልድ ተናገር። እስቲ አስበው፣ ምን ነበር ያደረግከው? ሰው ተጎዳ ብለህ አዘንክ፤ «እግዜር ይማርዎት» አልክ። ለሴት ልጁ ባል የሚፈልግ አባት ከዚህ የከፋ ነገር ሰምቶ ያውቃል። የተሳሳተው ቃሉ ነው እንጂ ልብህ አይደለም። ደግሞ ሊፈትኑህ ቢፈልጉ እዚያው ሳሎን ይበቃቸው ነበር። 18 ሆል መዞር ከአራት ሰዓት ያላነሰ ይፈጃል፤ ሰው የማይፈልገውን ልጅ አጠገቡ አድርጎ ግማሽ ቀን አይዞርም።

ለፍቅረኛውም አንድ ቃል አለኝ። እህቴ፣ መሳቅሽ ክፋት የለውም፤ ግን ከሳቁ በኋላ ጆሮው ላይ «ምርቃት ማለት እኮ ነው» ብትዪው ኖሮ ይኼ ልጅ እንቅልፉን አያጣም ነበር። አስቀድመሽ ብትነግሪውማ የተሻለ ነበር። ወደ ቤተሰብ የሚያስገቡትን ሰው የቤቱን ቋንቋ ማስተማር የሚያስገባው ሰው ድርሻ ነው። እንደ አባቷ ያላችሁ አባቶችም፣ እንግዳ ፊት የምትናገሩትን ቃል አንድ ጊዜ ፈታ አድርጉለት። ምን ይጎድልባችኋል?

ስለ ሽማግሌው ጉዳይ፣ አትተወው። ቅዳሜውን ዋልና በሚቀጥለው ወር ላክ። ነገሩ ከሰመረ ደግሞ ለገና አባቷን ሰቆጣ ጋብዛቸው። ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስን አሳያቸው፣ የዋግን ማር አቅምሳቸው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንድ የወይራ ገና አስይዘህ ከላይ ሰፈር ወገን አሰልፋቸው። ሩሯ ስትመጣ «ምንድነው ሕጉ? ሩር ምንድነው? ማነው የሚቀድመው?» ማለታቸው አይቀርም። ያኔ ሳትስቅ፣ ቀስ ብለህ አስረዳቸው።

መልካም ቅዳሜ ይሁንልህ!